የብረት ክንድና የመርካቶ ጫማ ሠሪ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



 ልንናገርበት የመረጥነው ነገር የሩቅ አገር ነገር ቢመስልም፣ ከትምህርት ቤታችን በር ወጥቶ በመርካቶ መንገድ ጥቂት የሄደ ሰው ሁሉ የሚያገኘው ነው። ይኸውም በፋብሪካ ውስጥ የሰውን እጅ ተክቶ የሚሠራው ሮቦት የተባለው መኪና፣ እንደ አገራችን ባሉ በማደግ ላይ በሚገኙ አገሮች በሠራተኛው ሥራና ደመወዝ ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህን ጥያቄ ለጨዋታ ያህል አላነሣነውም። ከመካከላችን አባቱ ጫማ ሠሪ የሆነ አለ፤ እናቷ ልብስ ሰፊ የሆነች አለች፤ ወንድሙ በሚናለሽ ተራ አሮጌ በርሜል ቀጥቅጦ ምድጃ የሚሠራ አለ። ትምህርታችንን ስንጨርስ በምን ሥራ እንደምንተዳደር የምናስብበት ጊዜም ቀርቧል። ከዚህም በላይ በየዓመቱ ከክፍላችን አንድ ሁለት ጓደኞቻችን «ትምህርቱ ይቅርበትና ሙያ ይልመድ» እየተባሉ ከትምህርት ገበታቸው ሲነሡ እናያለን። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ልጁን ጠልቶ ሳይሆን ኑሮ ስለ ከበደው መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ውሳኔው ለነገው ዘመን ይበጃል ወይ ብሎ መመርመር ይገባል።

ከሁሉ አስቀድሞ ሮቦት ምንድን ነው? ቃሉ የተገኘው ካሬል ቻፔክ የተባለ የቼክ ደራሲ እ.ኤ.አ. በ1920 ከጻፈው ቴአትር ነው። በዚያ አገር ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት የግዳጅ ሥራ ማለት ነው። የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት ዩኒሜት ይባል ነበር፤ እርሱም እ.ኤ.አ. በ1961 በአሜሪካ አገር በኒው ጀርሲ በሚገኝ የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ፣ ለሰው እጅ አደገኛ የሆነውን የጋለ ብረት እያነሣ ማስቀመጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እጅግ በዝቶ፣ የዓለም አቀፉ የሮቦት ፌዴሬሽን እንደ ቆጠረው እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ፋብሪካዎች ውስጥ ከ4 ሚሊዮን 280 ሺህ በላይ ሮቦቶች ይሠሩ ነበር። በዚያው ዓመት ብቻ 541 ሺህ የሚሆኑ አዳዲሶች ሲተከሉ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በቻይና ተተከሉ።

የፋብሪካ ሮቦት በሥዕል እንደምናየው ራስና እግር ያለው ሰው መሳይ አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከወለል ጋር የታሰረ፣ እንደ ሰው ክርን የሚተጣጠፍ አንድ የብረት ክንድ ነው። ብረት ይበይዳል፤ ቀለም ይቀባል፤ ዕቃ ያነሣል። በጫማ ሥራም ሶሉ ላይ ማስቲሽ እኩል አድርጎ መቀባትን የመሰለ፣ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚደጋገም ሥራ ይሠራል። ጨርቅና ስስ ቆዳ መስፋት ግን እስካሁን ለሮቦት እጅግ ከባድ ነው። ምክንያቱም ብረት ባስቀመጡት ቦታ ሲገኝ ጨርቅ ግን ይታጠፋል፣ ይሸበሸባል፣ ይንሸራተታል። የሰው ጣት በመዳሰስ የሚያውቀውን መኪናው ገና አላወቀውም።

ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች «እንግዲያው ምን ያስፈራናል? በእኛ አገር የሰው ጉልበት ርካሽ ስለ ሆነ ያን ያህል ዋጋ የሚያወጣ መኪና ማን ያመጣዋል?» ይላሉ። በዚህ አባባል ውስጥ እውነት ስላለ በሒሳብ እንመርምረው። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በኢትዮጵያ በወር 26 ዶላር፣ በባንግላዴሽ 95፣ በኬንያ 207፣ በቻይና 326 ዶላር ነበረ። አሁን ለምሳሌ ያህል አንድ የብረት ክንድ 25,000 ዶላር ያወጣል እንበል። በኢትዮጵያው ደመወዝ ሲሰላ የመኪናው ዋጋ የአንድ ሠራተኛ የ80 ዓመት ደመወዝ ይሆናል፤ በቻይናው ሲሰላ ግን ስድስት ዓመት ተኩል እንኳ አይሞላም። መኪናው ሌሊትም ስለሚሠራ የሁለት ሰው ሥራ ቢሠራ፣ የመብራትና የጥገናው ወጪ ሳይታሰብ፣ በዚያ አገር ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋውን ይመልሳል። ስለዚህ በዚያ ገዝተውት እዚህ አለመግዛታቸው የሚያስደንቅ አይሆንም።

ነገር ግን ሒሳቡ እዚህ ላይ አያበቃም። መኪናው የእኛን ሥራ ለመንካት የግድ ወደ አገራችን መምጣት አያስፈልገውም። በሩቅ አገር ሆኖ የሠራው ዕቃ በመርከብ ተጭኖ ጅቡቲ ይደርሳል፤ ከዚያም በመኪና ተጭኖ መርካቶ ይገባል። ገዢው ሁለቱን ጫማዎች ጎን ለጎን አይቶ የረከሰውን ያነሣል። በዚያች ደቂቃ የእኛ ጫማ ሠሪ አይቶት ከማያውቀው መኪና ጋር ተወዳደረ ማለት ነው። በጫማ ቤት ደግሞ ሠራተኛው ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው በጥንድ ስለ ሆነ፣ የጫማው ዋጋ ሲወርድ ባለቤቱ የጥንዱን ክፍያ ይቀንሳል፤ ወይም ትእዛዝ ሲጠፋ ሠራተኛውን ያሰናብታል። ሥራና ደመወዝ የሚጎዱት በዚህ መንገድ ነው።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም፤ በዚሁ በሠፈራችን የደረሰ ነው። እንደሚታወቀው መርካቶ በጣልያን ወረራ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ ውስጥ፣ የአራዳው ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የተቋቋመ ነው፤ ስሙም ከጣልያንኛ የመጣ ሆኖ ገበያ ማለት ነው። በዚያው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አርመናውያን ነጋዴዎች በአዲስ አበባ ሁለት የጫማ ፋብሪካዎች አቋቋሙ። በእነርሱ ዘንድ ሙያ የቀሰሙ ሠራተኞች እየወጡ የየራሳቸውን ጫማ ቤት ከፈቱ፤ እነርሱም ሌሎችን አስተማሩ። እንዲህ እያለ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ በመርካቶና በአካባቢው በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ጫማ ቤቶች ተፈጠሩ።

እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመት ገደማ ከቻይና የሚመጣው ርካሽ ጫማ ገበያውን አጥለቀለቀው። አንድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በ96 አነስተኛና መካከለኛ ጫማ አምራቾች ላይ ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሞ ወጥቷል። በእርሱም እንደ ተገለጸው ከመቶ 28ቱ ለኪሣራ ተዳረጉ፤ ከመቶ 32ቱ ሥራቸውን ቀነሱ። በጥቃቅኖቹ ቤቶች የነበረው የሠራተኛ ቁጥር በአማካይ ከ7 ወደ 4.8 ወረደ፤ ከፍ ባሉት ደግሞ ከ41 ወደ 17 ወረደ። ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተ ጀርባ የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ለልጁ ደብተር የሚገዛ ሰው እንዳለ ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

እውነቱን ለመናገር በዚያን ጊዜ የመጡትን ጫማዎች የሠራቸው በአብዛኛው በተራ መኪና የሚረዳ የሰው እጅ እንጂ ሮቦት አልነበረም። ሆኖም ትምህርቱ ያው ነው፤ በሩቅ አገር የሚሠራ ሰው የተሻለ መሣሪያ ሲይዝ ውጤቱ በቅርብ ያለውን ሠራተኛ ኪስ ይነካል። ዛሬ ያ መሣሪያ ወደ ሮቦትነት እየተለወጠ ሲሄድ መንገዱ አይለወጥም።

ይህንንም የሌሎች አገሮች ታሪክ ያረጋግጥልናል። ዳሮን አሴሞግሉና ፓስኳል ሬስትሬፖ የተባሉት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት በአሜሪካ ከ1990 እስከ 2007 የሆነውን መርምረው፣ በ1,000 ሠራተኞች ላይ አንድ ሮቦት በተጨመረ ቁጥር ሥራ ያላቸው ሰዎች ከሕዝቡ ያላቸው ድርሻ በመቶ 0.2 ነጥብ ያህል፣ ደመወዝም ከመቶ 0.42 ያህል እንደ ቀነሰ አገኙ። በዚያው ዓመት ማሪዩስ ፋበር የተባለ ተመራማሪ ደግሞ ጎረቤቲቱን ሜክሲኮን አጠና። በአሜሪካ ፋብሪካዎች ውስጥ የተተከሉት ሮቦቶች ድንበር ሳይሻገሩ፣ ለአሜሪካ ዕቃ ይሠሩ በነበሩ የሜክሲኮ አውራጃዎች የወጪ ንግድንና ሥራን እንደ ቀነሱ አሳየ። ለእኛ ከሁሉ የሚያሳስበን ይህ የሁለተኛው ነው፤ በድሀ አገር ያለው ሠራተኛ በሀብታም አገር በተተከለ መኪና ሥራውን ሊያጣ እንደሚችል ያስረዳልና።

ሌላም ለወጣቶች የሚገባ ምስክር አለ። በጀርመን አገር የተደረገ ጥናት እንደሚያሳየው ሮቦቶች ሲበዙ ፋብሪካዎቹ ነባር ሠራተኞቻቸውን በብዛት አላባረሩም፤ ብዙዎቹን ወደ ሌላ ሥራ አዛወሯቸው። የጎደለው ለአዲስ ገቢዎች ይከፈት የነበረው በር ነው። ሸክሙ የወደቀው ገና ከትምህርት ቤት በሚወጡት ላይ ሆነ ማለት ነው። ወንድሞችና እኅቶች፣ እነዚያ እንደ እኛ ያሉ ናቸው።

እስካሁን የተናገርነው ጉዳቱን ነው። አሁን ደግሞ የመርካቶን ታሪክ ሁለተኛ ክፍል እንናገር፤ ታሪኩ በኪሣራ አላለቀምና። የቻይናው ጫማ ቶሎ የሚቀደድ መሆኑን ገዢው እያወቀ ሲሄድ፣ ከጫማ ቤቶቻችን አንዳንዶቹ በርካሽነት መወዳደሩን ትተው በጥራት ለመወዳደር ተነሡ። የተሻለ ቆዳና ሶል መረጡ፤ የጣልያንን ቅርጽ እያዩ አዲስ ፎርማ አስገቡ፤ በዚያን ጊዜ የቆዳና የቆዳ ውጤቶች ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ይባል በነበረው ተቋም ሠራተኛ አሠለጠኑ፤ በአማላጅ በኩል ከመሸጥ ይልቅ ከሱቆች ጋር በቀጥታ ተዋዋሉ። ከዚህ የተነሣ የአገር ውስጡን ገበያ ብዙውን ክፍል መልሰው ያዙ፤ ወደ ውጭ አገር ጫማ እስከ መላክ የደረሱም ነበሩ። ሶኖቤ፣ አኮተንና ኦትሱካ የተባሉት ተመራማሪዎች ይህን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ መርምረው፣ ለውጡን በመምራት ረገድ ከፍ ያለ ትምህርት የነበራቸው ባለቤቶች ብልጫ እንደ ነበራቸው አመለከቱ።

ወላጆቻችን ይህን ነገር ልብ እንድትሉልን እንለምናለን። መርካቶን ያዳናት የእጅ ሙያና ትምህርት በአንድነት ነው። ወስፌና መዶሻ መያዝ የማያውቅ የተማረ ሰው ጫማ አይሠራም፤ ሒሳብ መያዝ፣ ውል ማንበብና የሌላውን አገር ሥራ ማጥናት የማይችል ባለሙያም ገበያው ሲለወጥ ይወድቃል።

ብልጫችን በርካሽ ጉልበት ላይ ብቻ እንዳይሆን የሚያስጠነቅቀን ሌላም አለ። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሲመረቅ ለብዙ ሺህ ወጣቶች፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ ታላቅ ተስፋ ነበረ፤ የልብስ ሥራንም አስተምሯል። ነገር ግን ደመወዙ ከላይ የጠቀስነው ስለ ነበረ፣ ከእርሱም ላይ ኪራይና ምግብ ሲነሣ የሚተርፍ ስለ ጠፋ ብዙዎች ጥለው ሄዱ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን ቀደም ብለው በሌሎች የአገራችን ፋብሪካዎች ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናትም፣ የፋብሪካ ሥራ ካገኙት አብዛኞቹ በዓመት ውስጥ እንደ ለቀቁ ተገልጿል። ኋላም ከሐዋሳ ታላላቅ ደንበኞች አንዱ የነበረው ፒ.ቪ.ኤች. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 ኅዳር ወር ወጣ፤ በጥር 2022 ደግሞ አገራችን አጎዋ በተባለው ሕግ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የመሸጥ መብቷን አጣች። ለዚህ ምክንያቱ ጦርነቱና ፖለቲካው እንጂ ሮቦት አልነበረም። ሆኖም በርካሽነቱ ብቻ የተመረጠ ሥራ ቶሎ የሚነቀል መሆኑን አይተንበታል።

በአንጻሩ አዲዳስ የተባለው የጫማ ኩባንያ ታሪክ ተስፋ ይሰጣል። ይህ ኩባንያ በጀርመን በአንስባኽ ከተማ በሮቦት የሚሠራ የጫማ ፋብሪካ አቋቁሞ፣ የጫማ ሥራ ከእስያ ወደ አውሮፓ ይመለሳል ተብሎ በየጋዜጣው ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2019 ኅዳር ወር ግን ፋብሪካውን እንደሚዘጋና መኪናዎቹን በቬትናምና በቻይና ላሉ አምራቾቹ እንደሚያውል አስታወቀ። ጫማ የመሥራት ልምድና አቅርቦት የተከማቸው በዚያ ነውና። ይህን ስንሰማ የገዛ ሠፈራችን ትዝ አለን። በመርካቶ ቆዳ ሻጩ፣ ሶል ሻጩ፣ ማስቲሽ ሻጩ፣ መኪና ጠጋኙና ሰፊው በአንድ ሠፈር ይገኛሉ፤ አንዱ የጎደለውን ከጎረቤቱ ያገኛል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው እዚህ ላይ በተግባር ይታያል። ይህ ከደመወዝ ርካሽነት የበለጠ ሀብት ነው።

እንግዲህ መኪና ጠላት ነው ብለን አንደመድምም። እናቶቻችንና አያቶቻችን በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው ሲፈጩ ያሳለፉትን ሌሊት የሚያውቅ ሰው የሞተር ወፍጮ መምጣቱን አይረግምም። ሸማኔዎቻችንም በፋብሪካ የተፈተለውን ክር ለድር፣ በእጅ የተፈተለውን ለማግ አድርገው እየሠሩ፣ ከመኪናው የሚጠቅማቸውን ወስደው በእጃቸው የሚያምረውን ጠብቀው ቆይተዋል። እኛም ማድረግ የሚገባን ይህንኑ ነው። ጥያቄው መኪናው የሚያመጣው ትርፍ ለማን ይደርሳል የሚለው ነው። መኪናውን የሚያዝ፣ የሚጠግንና የሚያሻሽል ሠራተኛ ከትርፉ ይካፈላል፤ ከመኪናው ጋር በርካሽነት ብቻ የሚሽቀዳደም ግን ደመወዙ በየዓመቱ ይወርዳል።

ስለዚህ ሐሳባችንን በአጭሩ ለየወገኑ እናቀርባለን።

ለወላጆቻችን፦ ልጃችሁ ከሰዓት በኋላና በክረምት በጫማ ቤት፣ በስፌት ቤት፣ በብረት ቤት ሙያ ቢማር ክብር ነው እንጂ ነውር የለበትም። ነገር ግን ለሙያው ብላችሁ ከትምህርት አታስወጡት። ዛሬ የሚያመጣው ጥቂት ብር ችግር እንደሚያቃልል አንክድም፤ ነገ ገበያው ሲለወጥ ግን ወድቆ እንዳይቀር የሚደግፈው ትምህርቱ ነው።

ለመምህሮቻችን፦ ሒሳቡንና ፊዚክሱን ከሠፈራችን ሥራ ጋር እያገናኛችሁ ብታስተምሩን እንወዳለን። የስፌት መኪና በሞተር፣ በጥርስና በምሳር የሚሠራ የፊዚክስ መጽሐፍ ነው። ባለሙያዎችንም ወደ ክፍላችን እየጠራችሁ ብታሳዩን ይጠቅመናል።

በሥልጣን ላይ ላሉ አባቶች፦ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዝቅተኛውን ደመወዝ የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል። ቃሉ በወረቀት ላይ እንዳይቀር እንለምናለን፤ ሰው ከደመወዙ ካልኖረ በሥራው ላይ አይቆይም፤ በሥራው ላይ ካልቆየም ሙያ አያከማችም። ለባለ ትንንሽ ጫማ ቤቶችም የተሻለ መሣሪያ የሚገዙበት ብድርና የሚሠለጥኑበት ቦታ ቢዘጋጅላቸው ሥራቸውን እንዳዳኑት መልሰው ያሳድጉታል።

ለእኛ ለተማሪዎች ደግሞ፦ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳንባል ከአሁኑ እንነሣ። የእጅ ሥራን የሚንቅ ተማሪ ካለ ንቀቱን ይተው። ቢሮ ውስጥ መቀመጥን ብቻ እንደ ትምህርት ፍሬ የሚቆጥር ካለ አሳቡን ይመርምር፤ የቢሮውንም ሥራ ዛሬ መኪና እየተማረው ነውና። መኪናውን የሚያውቅ እጅና የሚያስብ አእምሮ በአንድ ሰው ላይ ሲገኙ ግን፣ የብረቱ ክንድ ለዚያ ሰው መሣሪያ ይሆንለታል።

ይህ ሠፈር ከጣልያን ዘመን ጀምሮ ስንት ነገር ሲመጣና ሲሄድ አይቷል፤ ቃጠሎ፣ ውድድር፣ ኪሣራ ደርሶበት ሁልጊዜም ተነሥቷል። የሚቀጥለውን የምናነሣው እኛ እንድንሆን የዛሬው ትምህርታችን ያብቃን።